ቤታቸውን እንዳደሳችሁ ጉልበታቸውንም አድሱላቸው

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ አረጋውያንን ወንበር ላይ ስፖርት የሚያሠሩ ሠራተኞችንና በጎ ፈቃደኞችን ስለማሠልጠን

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በአንድ ክረምት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች መጥተው የጎረቤቴን የእማማን ቤት አደሱ። የዛገው ቆርቆሮ ተቀየረ፣ የተቦረቦረው ጭቃ ግድግዳ ተለሰነ፣ አዲስ በር ተገጠመ። እማማ መርቀው መርቀው አልጠግብ አሉ። ወጣቶቹ ከሄዱ በኋላ ግን ከአልጋ ለመነሣት እንደ ድሮው የልጅ ልጃቸውን መጣራታቸው አልቀረም። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ግቢውን ማቋረጥ፣ ሁለት ደረጃ መውጣት፣ ከዚያም ቁጢጥ ብሎ መነሣት ይጠይቃል። ልጁ ትምህርት ቤት በሚውልበት ቀን እማማ ውኃ አይጠጡም ነበር። ለምን እንደማይጠጡ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚያ ከአልጋ የመነሣት ጉልበት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ሰባራ ባቡር አካባቢ ባለ አንድ የእድር አዳራሽ ከ20 የማያንሱ እናቶችና አባቶችን ወንበር ላይ ስፖርት አሠራለሁ። እግር ዘርግቶ መያዝ፣ ተረከዝ ማንሣት፣ ተቀምጦ እንደመራመድ ጉልበትን ማፈራረቅ፣ ትከሻ ማዞር፣ በመጨረሻም ከወንበር ብድግ ማለትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ነው። እማማም አሉበት።

ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። በጀመርኩበት ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንዲት እናት በስፖርቱ መሐል ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ የሚናገሩትም ተሳከረባቸው። ለካ የስኳር ክኒናቸውን ጠዋት ውጠው፣ ጾም ነውና እህል ሳይቀምሱ መጥተው በደማቸው ያለው ስኳር ወርዷል። ሠፈር ውስጥ የምትኖር ነርስ ሮጣ ደርሳ ስኳር በውኃ በጥብጣ ባታጠጣቸው ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ፤ የ15 ዓመት ልጅ ግን የስኳር ክኒን ውጦ ጾሞ አይመጣም። «ዛሬ ምን ቀመሱ? ምን መድኃኒት ወሰዱ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለብኝ ማንም አላስተማረኝም ነበር። አሁን ሳልጠይቅ አልጀምርም፤ በጾም ወቅት ደግሞ ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ሌላም ያየሁት አለ። በአንድ የአረጋውያን ቀን ዝግጅት ላይ ቅን የሆነ ወጣት ማይክ ይዞ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ሽማግሌዎችን «ጎንበስ! ቀና!» ሲያሰኝ የአንዲት እናት የፕላስቲክ ወንበር በሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተ። አንጓቸው ተሰብሮ ወራት ሙሉ ወጌሻና ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ከረሙ። ልጁን አልወቅሰውም። ያለ ሥልጠና ማይክ ሰጥተውታል።

ሊታወቅ የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፤ ግን ሳይታወቅ አይሆንም። ወንበሩ የማይታጠፍ፣ የሚሽከረከር ጎማ የሌለው፣ ጀርባው ግድግዳ የተደገፈ መሆን አለበት፤ የሁለቱም እግር መዳፍ መሬት ካልረገጠ ከሥር ሳንቃ ይደረጋል። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች ወገባቸውን አጥፈው እንዲጠማዘዙ አይደረግም። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊት ስለሚያሻቅብ እኛ ጮክ ብለን እንቆጥራለን፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አይዝም። እየሠሩ ማውራት የሚችሉ ከሆነ ልኩ ነው፤ ማውራት ካቃታቸው በዝቷል። ደረት ሲያም፣ ራስ ሲያዞር ወዲያው ይቆማል። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ድንገት ብድግ ሲሉ ሊያዞራቸው ስለሚችል መጀመሪያ ቁጭ እንዳሉ እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ማክበርም ሥልጠና ይፈልጋል። «አንቱ» እየተባሉ የኖሩ ሰዎችን እንደ ሕፃን ማባበል ያሳዝናቸዋል። ክንድ ለማቃናት ከመንካት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፤ በተለይ ወንድ አሠልጣኝ ሴቶችን ሲያሠራ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፣ 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጉልበት የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። «ካረጁ ወዲያ ጉልበት ከየት ይመጣል?» ለሚል በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ የቦስተን ጥናት አለ። አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች፣ ባለሙያ እየተከታተላቸው ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት ሲያነሡ የጭናቸው ጡንቻ ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። የጀመሩት 10፣ የጨረሱት 9 ብቻ ነበሩ፤ ቢሆንም 90 ዓመት ላይም ጡንቻ እንደሚመለስ አሳይተዋል።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብኝም። ተቀምጦ መሥራት ብቻውን ከመውደቅ አያድንም። ሚዛን የሚለመደው ቆሞ ነው። ወንበሩ መቆም ላቃታቸው መነሻ ነው፤ ጉልበት ሲያገኙ ከወንበሩ ጀርባ ቆመው፣ መደገፊያውን ይዘው ይቀጥላሉ። ማን መቼ ይነሣ፣ ማን ተቀምጦ ይቆይ የሚለውን መለየት የሚችለው የሠለጠነ ሰው ነው። ልመናዬ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

መሣሪያ ግዙልን አላልኩም። ወንበር በየእድሩ አለ። አዳራሽም አለ። ሰውም አለ፦ በየክረምቱ ቤት የሚያድሱት ወጣቶች፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የምገባ ማዕከላት ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናው ለመኪና ሲዘጋ ሺዎች ስፖርት ሠርተዋል፤ እማማ ግን እዚያ ድረስ መድረስ አይችሉም። የጎደለው እነዚህን ሰዎች የሚያሠለጥን ነው።

በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ ቢጀመር እመርጣለሁ። በፒያሳና በካዛንቺስ መልሶ ልማት ብዙ ጎረቤት ወደ ሌላ ሠፈር ሄዷል፤ የቀሩት አረጋውያን «እንዴት አደሩ» የሚላቸው ሳስቷል፣ የሄዱትም አዲስ ሠፈር እስኪለምዱ ቤት ይውላሉ። ለእነርሱ ማክሰኞና ዓርብ ከስፖርትም በላይ ነው። ከእኛ ዘንድ አንድ ሰው ሲቀር ጠይቁ እንባባላለን።

ሥልጠና ስል አንድ ቀን ሆቴል ሰብስቦ፣ ስላይድ አሳይቶ፣ አበል ሰጥቶ መሸኘትን አይደለም። ሠልጣኙ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፊት እውነተኛ አረጋውያንን ያሠራ፤ ይታረም፤ ደግሞ ያሠራ። ስኳር ሲወርድና ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ በእጁ ይለማመድ። ከሦስት ወር በኋላ ባለሙያው አዳራሹ ድረስ ሄዶ ይየው። በየወረዳው ቢያንስ ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ አንድ ብቻ ከሆነ የእኛ ዓይነት ነገር ይደርሳል። ባለፈው ክረምት ሁለት ሳምንት ስታመም አዳራሹ ተዘግቶ ሰነበተ። ስመለስ ሦስቱ እናቶች ከወንበር ለመነሣት እንደገና እጃቸውን መደገፍ ጀምረው አገኘኋቸው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። የምጠይቀው ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

ከቢሮው ወይም ከጤና ቢሮ ባለሙያ ብትልኩልን ማክሰኞ ወይም ዓርብ ከ3 ሰዓት በፊት ይድረስልን፤ መድኃኒትና ቁርስ የምንጠይቀው ያኔ ነው፣ እሱንም ማየት አለበት። የማስተምርባቸውን ማስታወሻዎች በሙሉ አስረክባለሁ። ስህተት ካለባቸውም ይታረሙልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ