ያቺ ቢጫ ኩባያ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጠዋት ጠዋት ከጣና የሚነሳው ብርድ ዘንድሮ ጉልበቴን ይዞኛል። ሱቁን የምከፍተው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው።

በስልክ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ሦስት ሳምንት አለፈ። "አባዬ፣ አሥራት የሚወጣው ከጠቅላላው ደመወዝ ነው ወይስ ግብር ተቆርጦ እጄ ከገባው?" ነበር ያልሽኝ። ሱቅ ውስጥ ሰው ስለነበረ "እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰው ስለነበረ ብቻ አይደለም። ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ነበር፣ በስልክ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ። እኔ ከጠቅላላው ይውጣ ባይ ነኝ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸውና እሳቸው ያሉሽን አድርጊ። ከዐሥር አንዱ የእግዚአብሔር ነው ተብለን ነው ያደግነው። የመጀመሪያ ደመወዝሽን በኩራት፣ የመጀመሪያው ለእግዚአብሔር፣ ብለሽ ስታወጪ እናትሽ እልል ማለቷን ታስታውሻለሽ። በዚህ በኩል አንቺን አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ የቀረው ዘጠኝ እጅ ነው።

ገና ሰሞን አንቺ ዘንድ ስሰነብት አንድ ሌሊት ውሃ ጠማኝ። ማንንም ላለመቀስቀስ ቀስ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። መብራቱን ሳበራው የቤት ሠራተኛሽ፣ ልጅቷ፣ መሬት ላይ ካነጠፈችው ፍራሽ ብድግ አለች። "ተኚ ልጄ፣ ውሃ ልጠጣ ነው" አልኳት። መስኮቱ ጋ አንዲት ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ አየሁ። ጆሮዋ ተሰብሯል። አንድ ጎኗን እሳት ለብልቧታል። አንስቼ ከጄሪካኑ ልቀዳባት ስል ልጅቷ እጄን ልትይዘኝ ምንም አልቀራት። "አባባ ይቅርታ፣ እሱ የኔ ነው። ሌላ ልስጥዎት" አለችኝ። ትልቅ ጥፋት ያጠፋች ይመስል ነው የደነገጠችው። ብርጭቆ አወረደች፣ አጠበች፣ ቀዳችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ያን ሌሊት አያትሽ ቤት የነበረች አንዲት ቅል ትዝ አለችኝ። አያትሽን አልደረስሽባትም። ደግ ሴት ነበረች። ሰባቱን አጽዋማት አታጎድልም። የማርያም ጽዋ ነበራት፣ ወር በገባ በ21 ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። በዚያ ዘመን ወይጦዎች፣ የጣና ዳር ሰዎች፣ የወፍጮ ድንጋይና ደንገል ከሚባለው የሐይቁ ዳር ተክል የተሠራ ዕቃ ይዘው ይመጡ ነበር። የጣናን ታንኳ የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። እናቴ ወፍጮ ስትገዛ ዋጋ ላይ አትከራከርም። ውሃ ሲጠይቋት ግን በዚያች ቅል ነበር የምትሰጣቸው። ቅሏ ከአጥሩ እንጨት ላይ ትሰቀላለች እንጂ ቤት አትገባም። "ጉማሬ ይበላሉ፣ ያረክሳሉ" ይባል ነበርና ክርስቲያኑም እስላሙም ማዕድ አይቀርባቸውም።

ልጅ ስለነበርኩ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። አሁን ሳስበው ግን ያንገበግበኛል። የማርያም ጽዋ ዳቦ የሚጋገርበት ዱቄት የሚፈጨው እነሱ በጠረቡት ወፍጮ ነበር። ወፍጮው ቤት ገባ፣ ጠራቢው አጥር ስር ቆሞ በቅል ጠጣ። እናቴን ልወቅሳት አይደለም፣ ያደገችበት ነው። ወይጦዎቹ ዛሬም ከተማችን ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር አሉ። በሱቄ ደጅ ሲያልፉ ባየኋቸው ቁጥር ያቺ ቅል ትታየኛለች። አንቺ ቤት ሌላ ስም ይዛ አገኛታለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ልጅቷን አትሰድቢያትም፣ እጅሽንም አታነሺባትም። ስትታመም ሐኪም ቤት ወስደሻታል። ግን ማን ነው ኩባያዋን የለየው? አንቺ ልለይ ብለሽ የለየሽው አይመስለኝም። እንዲሁ ሆኖ የተገኘ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ነው የሚያስፈራኝ።

ለየካቲት 16 ከጓደኞችሽ ጋር ኡራ ኪዳነ ምሕረት ልትመጪ ነው። እኛም ቀን እየቆጠርን ነው። ዘጌ ከጀልባው ወርደሽ በቡናው ጫካ ሽቅብ ወጥተሽ ስትገቢ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች መሃል በላዔ ሰብን ፈልጊው። ታሪኩን ከሕፃንነትሽ ታውቂዋለሽ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ የተጠማ ለምጻም በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ እምቢ አለ። በድንግል ማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በመጨረሻ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ያቺ ጥርኝ ውሃ ደፋችለት። በኪዳነ ምሕረት ቀን ይህን ታሪክ ሰምተን እናለቅሳለን። እኔም ስንት ዓመት አልቅሻለሁ። አልቅሼ ስመለስ ግን ቤቴ ውስጥ ለተጠማ ሰው ውሃ በምን እንደሚሰጥ ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስለ ቀሚሱም ላንሳ። አራት ሆናችሁ አንድ ዓይነት ጥልፍ እንዳሰፋችሁ ስትነግሪኝ ዋጋውን ሰማሁና ዝም አልኩ። ለበዓል አምሮ መውጣት ደስ ይላል፣ እኔም ልጄ ደምቃ ስትታይ ደስ ይለኛል። ግን ያ ገንዘብ የልጅቷ የሦስት ወር ደመወዝ ነው። ደግሞ የሁለት ወር ደመወዟ አልተከፈላትም። እሷ አንድም ነገር አልተነፈሰችም፣ እኔ ነኝ አውጣጥቼ የጠየቅኳት። አንቺን ስጠይቅሽ "አባዬ፣ ታጠፋዋለች ብዬ ነው፣ እያጠራቀምኩላት ነው" አልሽኝ።

መሥሪያ ቤትሽ "ታጠፊዋለሽ ብለን ነው" ብሎ የሁለት ወር ደመወዝሽን ቢይዝብሽ ምን ትያለሽ? አዴት ያለችው እናቷ የምትጠብቀው ብር ነው። ኦሪት ዘዳግም የድሃውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል፣ ኑሮው በእሱ ላይ ነውና። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ በ5ኛው ምዕራፍ የተያዘው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ብሎ ጽፏል። እሷ አትጮኽም፣ አባቷ ካሳደጓት ቤት ዝምታ ተምራ መጥታለች። ቆጥቢላት ካልሽ ባንክ ውሰጃትና በስሟ ደብተር ታውጣ። ደብተሩ በእጇ ይሁን። ማጥፋት ብትፈልግም የራሷን ነው የምታጠፋው።

ሌላም አለ። ከገና በኋላ በነበረው እሑድ ሌሊት ተነስተን ቅዳሴ ሄድን። ስንመለስ ዶሮ ወጡ ደርሷል፣ ቡናው ቀርቧል፣ ቤቱ በዕጣን ታጥኗል። "ቅዳሴ ሄደሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት። "አዲስ አበባ ከመጣሁ አልሄድኩም፣ እሑድ ሥራ ይበዛል" አለችኝ። ዓመት ከመንፈቅ መሆኑ ነው። ዐሥርቱ ትእዛዛት ሰንበትን ሲያዝዙ አንተ ብቻ ዕረፍ አይሉም። ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ እያሉ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፣ ከብቱ እንኳ አልቀረም። እኛ የእሷን ሰንበት ወስደን የራሳችንን አከበርን። ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ካልሽ ተራ ግቡ። ወጡ ቅዳሜ ማታ ይሠራ። ካልደረሰም ሽሮ እንበላለን።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ከንስሐ አባቴ በቀር ይህን የምታውቀው እናትሽ ብቻ ናት።

አምስት ዓመትሽ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን ነው። ሕዝቡ 55 ቀን ቅቤ ስለማይነካ ዘይትና ምስር በዚያ ወቅት እንደሚወደድ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። እኔም ስድስት ጄሪካን ዘይት ጓዳ አስገብቼ በጆንያ ሸፈንኩ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ጎረቤታችን ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጣች። "ግማሽ ሊትር ብቻ ስጠኝ" አለችኝ። "አልቋል" አልኳት። የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጆንያውን አይታዋለች ይመስለኛል። ጠርሙሷን ነጠላዋ ስር ከታ "እሺ ወንድሜ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን" ብላኝ ሄደች።

ዋጋው ሲወጣ ሸጥኩት። ከትርፉም ጧፍና ዕጣን ገዝቼ ለጊዮርጊስ አስገባሁ። ልቤ ግን አላረፈም። ለንስሐ አባቴ ስናገር "ጧፉን ማን አዘዘህ? ሴትዮዋን ፈልጋት" አሉኝ። ዘኬዎስን አነሱልኝ። ጌታ ቤቱ ሲገባ፣ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ብሩን ቋጥሬ ሄድኩ። ተከራይ ስለነበረች ቤት ለቃለች፣ ዓባይ ማዶ ገብታለች አሉኝ። ሁለት እሑድ ፈለግኳት። አላገኘኋትም። ይኸው እስከ ዛሬ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ያለኝን ዘይት በሙሉ አውጥቼ ሰው በሚያየው ቦታ እደረድራለሁ፣ በነበረው ዋጋም እሸጣለሁ። ለእሷ ግን ምንም አላደረግኩላትም።

ከዚያ ወዲህ ነው የዱቤ ደብተሬን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። አንገቱ ላይ ክር ያሰረ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ለተዝካር ድንኳን ተክሎ፣ በሬ ጥሎ፣ ሰፈሩን ሁሉ አብልቶ የስኳርና የሳሙና ዱቤ ዓመት የሚያሳድር አለ። ከማዶ የምትመጣ አንዲት ልብስ አጣቢ ደግሞ አለች። ቅዳሜ ማታ ብር ስትቀበል በቀጥታ እኔ ጋ መጥታ "አስላልኝ" ትላለች። የልጆቿን ዳቦ የምትገዛው ዱቤዋ ከተሰረዘ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ፣ ከግንቡ ሥር ነው የምትቆመው። እሷን ሳይ አፍራለሁ።

የዓሣው ክርክርም እንደዚሁ ነው። እዚህ ረቡዕና ዓርብ የሐይቁ ዳር ምግብ ቤቶች ይሞላሉ። ዓሣ ጾም ይሽራል፣ አይሽርም እያልን ስንከራከር እድሜያችን አለቀ። እኔ አልበላም፣ እናትሽም አትበላም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ታንኳ ላይ ያደረው ሰው ለቆሮሶው ስንት ተከፈለው ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጌታ ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ቃል አለ፣ ማቴዎስ 23 ላይ። ከአዝሙድና ከእንስላል ሳይቀር አሥራት ታወጣላችሁ፣ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ግን ትተዋላችሁ ይላቸዋል። አሥራቱን ተዉት አላላቸውም። ያንን ሳትተዉ ይህንን አድርጉ ነው ያላቸው። እኔ አዝሙድ መዛኝ ነኝ። በቀን ስንት ጊዜ ይህ ቃል ፊቴ ላይ እንደሚመጣ ልነግርሽ አልችልም። አንቺም ስለ አሥራት ስትጠይቂኝ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው፣ ከዚያ ያቺ ኩባያ።

እንግዲህ ይህን ካነበብሽ በኋላ ደውይልኝ። ብትቆጪም ደውይ። ዝም ካልሽኝ ነው የምጨነቀው።

የጀልባውን ነገር ጨርሻለሁ። አራት ነን ብለሽኝ ነበር፣ እኔ ከእኔና ከእናትሽ ሌላ ለአምስት ሰው ነው የተነጋገርኩት። ልጅቷን ይዘሻት ነይ። እግረ መንገዷን አዴት ሄዳ እናቷን አይታ ትመለሳለች፣ የመኪናውን እኔ እችላለሁ። እናትሽ በእጇ የፈተለችው ነጠላ ከሸማኔ መጥቷል፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ትወደው እንደሆን ጠይቂልን፣ ካልወደደችው ጥለቱ ይቀየራል።

ያቺን ቢጫ ኩባያም እንዳትጥያት፣ ይዘሽልኝ ነይ። ጀልባው ላይ ውሃ የምጠጣው በእሷ ነው።

አባትሽ
ባሕር ዳር