የሥልጠና ሰዓት መዝገባችሁን አስተካክሉ

የተከበራችሁ አባላት፣

ሰውነትን መሠረት ያደረገ የሥነ ልቦና ሕክምና በአውሮፓ ዕውቅና ያገኘው በልመና አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 የተመሠረተው የሙያው ማኅበር፣ ዘዴው ሳይንሳዊ መሆኑን ለማስረዳት ለ15 ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ መስጠት ነበረበት። ያም ሆኖ ጀርመን ውስጥ የሕዝብ የጤና መድን ዛሬም ወጪውን ከሚሸፍንላቸው ዘዴዎች ተርታ አልገባም። መንገዱ ገና ነው።

ስለዚህ ወረቀታችን ንጹሕ ይሁን። የአውሮፓ የሥነ ልቦና ሕክምና ሰርተፊኬት 3200 የሥልጠና ሰዓት፣ ያውም ቢያንስ በ7 ዓመት የተጠናቀቀ፣ ይጠይቃል። በቅርቡ የደረሰን አንድ መዝገብ «አተነፋፈስ፣ 40 ሰዓት» ይላል፤ በቃ! ማን አሠለጠነ? መቼ? እኛ ብንረዳው እንኳ ገምጋሚው በምን ያውቃል? የአሠልጣኙ ስም፣ ቀኑና ፊርማው ያልሰፈረበትን ገጽ እባካችሁ አትላኩልን።