ተከራይና የኤጀንሲ ሠራተኛ የእድር አባል ይሁኑ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በከተማችን አንድ ሰው የሠፈር ሰው መሆኑ የሚታወቀው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የሚተክልለትና ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመጣለት ጎረቤት ሲኖረው ነው። በመሥሪያ ቤትም የባልደረብነት መለኪያው ከዚህ እምብዛም አይለይም። ቀን በሥራ ቦታቸው፣ ማታ በሠፈራቸው ከሰው መካከል እየዋሉና እያደሩ ከሁለቱም ወገን እድር ውጭ የሚቀሩ ሰዎች ግን እየበዙ ነው። እኔ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ እድር በጸሐፊነት የማገለግልና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሠራ ሰው ስሆን፣ ችግሩን ከሁለቱም በኩል በየቀኑ የምመለከተው በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ቀደም ሲል የጥበቃ፣ የጽዳትና የተላላኪነት ሠራተኞች እንደ ማንኛውም ሰው የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩ። ዛሬ በበርካታ መሥሪያ ቤቶች እነዚህ ሥራዎች ለኤጀንሲ እየተሰጡ በመሆናቸው፣ በር የሚጠብቀውም ሆነ ወለል የምታጸዳው ሰው ደመወዝ የሚከፈላቸው ከሌላ ቦታ ነው። የመሥሪያ ቤት እድር መዋጮ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ከደመወዝ ላይ እየተቆረጠ የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ «ቋሚ ሠራተኛ» የምትለው ቃል የገባችው ማንንም ለማግለል ታስቦ ሳይሆን ለሒሳብ አሠራር እንዲመች ብቻ ይመስለኛል። ውጤቱ ግን ማግለል ሆኗል። እኔ በምሠራበት ቦታ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አለች። ሐዘንተኛ ባልደረባችን ወደ ሥራ በሚመለስበት ቀን ቡና የምታፈላው፣ ስኒ የምታጥበው፣ ወንበር የምትደረድረው እርሷ ናት። ባለፈው ዓመት አባቷ ገጠር ሲያርፉ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አልነበረም፤ የመዋጮ ዝርዝርም አልዞረም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሠራተኛ የሚያገኘው የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ተሰጥቷታል። ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ግን አብዛኛው ሰው ለምን ጥቁር እንደለበሰች እንኳ አላወቀም ነበር። ሕጉ ቀኑን ይሰጣል እንጂ አብሮ የሚያዝን ሰው ሊሰጥ አይችልም፤ ይህ የእኛ የባልደረቦቿ ድርሻ ነበር።

ወደ ሠፈር ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየሳይቱ የተቋቋሙት እድሮች መሥራቾች በአብዛኛው ዕጣ የደረሳቸው ባለቤቶች ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ፤ ስማቸው ግን አሁንም በመዝገባችን ላይ አለ። በዚህም ምክንያት መልኩን የማናውቀው አባል ዘመድ ሲሞትበት ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ አዳራሹ) ይከፈታል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ያልተገኘ አባልም ይቀጣል። በደረጃው ላይ ጠዋት ማታ ሰላምታ የምንለዋወጠው፣ ልጁ ከልጆቻችን ጋር የሚጫወተው ተከራይ ሐዘን ሲደርስበት ግን ሁለት ሦስት ጎረቤቶች በግላቸው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

በየጠቅላላ ጉባኤው ይህን ጉዳይ ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» የሚል ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ዓመታት የተዋጣበት ገንዘብና ንብረት ያለው እድር፣ ወር ሳይሞላው ከፍተኛ ክፍያ የሚወስድ አባል ቢበዛበት ይዳከማል። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ደንግጓል፤ ስለዚህ ውሉን ይዞ የሚመጣ ተከራይ መንገደኛ ነው ለማለት የሚያስችል ምክንያት ቀንሷል። በሌላ በኩል እድር ራሱ በዚህች ከተማ የተስፋፋው ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ዘመድ አጠገባቸው በሌለ ሰዎች መካከል መሆኑን ብናስታውስ፣ አዲስ መጤን መግፋት የእድርን መነሻ ዓላማ መርሳት ይሆናል። ደንብ ማሻሻልም አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን በርካታ እድሮች ሥራቸውን ከቀብር አልፈው ታማሚን ወደ መርዳትና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መደገፍ አስፍተው ነበር።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። ተከራይ የመግቢያውንና የንብረት ድርሻውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ከመጠየቅ ይልቅ ከወርሃዊ መዋጮው ጋር ከፋፍሎ ይክፈል፤ የገንዘብ ክፍያ ለማግኘት ለተወሰኑ ወራት ይጠብቅ፤ ድንኳኑ፣ ዕቃውና የአባላት መገኘት ግን ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ይድረሰው፤ ምክንያቱም ሐዘንተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሰው ነውና። ቤት ለውጦ ሲሄድ እድሩ መሸኛ ይጻፍለት፤ ተቀባዩም እድር ቀድሞ የከፈለውን ዘመን ይቁጠርለት። ይህን አንድ እድር ብቻውን ሊያደርገው ስለማይችል፣ በየወረዳው ያሉት የእድር ምክር ቤቶች ጉዳዩን ተነጋግረው የጋራ የመሸኛ ቅጽ ቢያዘጋጁ ነገሩ ይቀልላል። የመሥሪያ ቤት እድሮችን በተመለከተ ደግሞ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም የሚለው ምክንያት በቴሌብር ዘመን የሚያሳምን አይደለም። በደንቡ ላይ «ቋሚ ሠራተኛ» የሚለውን «በመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ግቢ የሚሠራ» በሚል መተካት በቂ ነው፤ መዋጮውንም እንደየገቢው ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

የእኛ እድር ጠቅላላ ጉባኤውን ከፋሲካ በኋላ የሚያካሂድ ሲሆን፣ የደንብ ማሻሻያ ረቂቁን ጽፌ ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ። ተከራዮችን ወይም የኤጀንሲ ሠራተኞችን በአባልነት ተቀብለው የሚሠሩ እድሮች ካሉ፣ የመግቢያ ክፍያውን እንዴት እንደወሰኑና ምን ችግር እንደገጠማቸው በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን፣ ለጉባኤው ተሳታፊዎች አባዝቼ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ እድር ጸሐፊ
ከአዲስ አበባ