ሌጎ አይቀቀልም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቤተሰብ ገጻችሁ ስለ ልጆች የበዓል ስጦታ የወጣውን ጽሑፍ አንብበነዋል። በፊልምና በካርቱን ስም የሚሸጡ መገጣጠሚያ መጫወቻዎች እንደ ቅብጠት ሳይቆጠሩ ገጽ ማግኘታቸው ደስ ይላል። ሁለት ምክሮች ግን መታረም አለባቸው። አንዱ ያገለገለ ሌጎ (እርስ በርሱ የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ጡብ) «ለንጽሕና ሲባል በፈላ ውሃ ይዘፍዘፍ» የሚለው ነው፤ ሌላው ቁራጭ የጎደለው ሳጥን አይገዛ የሚለው። የመጀመሪያው ዕቃውን ያበላሻል፣ ሁለተኛው ወላጅን ያስከፍላል።

የሌጎ ጡብ ከ1963 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ኤቢኤስ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሱም ቢሆን ጡቡን ለማጣመም አያንስም። ጡቡ ስለማይቀልጥ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ሲገጣጠም ነው። በጡቡ ራስ ላይ ካሉት ክብ ጉብታዎች ከአንዱ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ልክ 8 ሚሊሜትር ነው፤ የጉብታው ስፋት 4.8፣ የጡቡ ቁመት ያለ ጉብታው 9.6 ሚሊሜትር። ባለ 2 በ 4 ጡብ (ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ አራት ጉብታ ያለው) ርዝመቱ 32 መሆን ሲገባው 31.8 የሆነው ጎረቤቱ ጡብ ሳይጋፋው እንዲቀመጥ ነው። ጡብ ከጡብ የሚያያዘው በሙጫ ወይም በመቆለፊያ አይደለም፤ የታችኛው ጉብታ በላይኛው ግድግዳና በውስጡ ባለው ቱቦ መካከል ተጨንቆ ነው። ግድግዳው በሙቀት ትንሽ ከተከፈተ ጡቡ ይላቀቃል፣ ከጠበበም ጨርሶ አልገባም ይላል።

አምራቹ ራሱ የሚመክረው ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና እጅ ነው። አስቀድሞ መለየት ያለባቸው አሉ፦ ስቲከር የተለጠፈባቸው፣ ሞተርና የባትሪ ቤት፣ የጨርቅ ካባዎች፣ የብረት ዘንግ ያላቸው የባቡር ጎማዎች። እነዚህ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወለወላሉ። የቀረውን የሽንኩርት መያዣ በሆነው የመረብ ከረጢት ከትቶ አፉን ማሰር ነው። ለአንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ከረጢቱ በውሃው ውስጥ ይታሻል፤ በጉብታዎቹ መካከል የቀረው እድፍ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። በረኪና አያስፈልግም። አሴቶንና ቲነር ደግሞ ኤቢኤስን ስለሚያሟሙ የስቲከር ሙጫ ለማስለቀቅ እንኳ አይሞከሩ፤ ለሙጫው ትንሽ የምግብ ዘይት ቀብቶ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና ማጠብ ይሻላል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጡቡን እርስ በርሱ እያላተመ ይጭረዋል።

ማድረቁ ከማጠቡ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጡቡ በሰፌድ ወይም በፎጣ ላይ ተበትኖ ጥላ ሥር አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፤ ክረምት ከሆነ ሁለት ቀን። ክፍት ሆዱ ወደ ላይ የሆነ ጡብ በቱቦው ውስጥ ውሃ ይዞ ስለሚቀር በየመሃሉ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ሳይደርቅ በፌስታል ከታሰረ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፣ ያ ሽታም ቶሎ አይለቅም። የፀጉር ማድረቂያና ምድጃ ያው የፈላ ውሃ ወንድሞች ናቸው።

ጥላ ሥር ያልንበት ምክንያት አለው። ነጭና ግራጫ ጡቦች በፀሐይ ብርሃንና በአየር ይወይባሉ። የወየበውን መመለስ ይቻላል፦ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝቶ፣ ጡቡን በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቆ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማኖር። ፀሐይ ያወየበውን ፀሐይ ይመልሰዋል ማለት ግራ ያጋባል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ፈሳሹ ነው፣ ብርሃኑ ያነቃዋል እንጂ። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ አረፋ ከጡቡ ሥር ተሰብስቦ ያንሳፍፈዋል፣ ከፈሳሹ በላይ የወጣው ክፍልና የጠለቀው ይለያያሉ፣ በመሃል ነጭ ሰንበር ይቀራል። ስለዚህ በየሰዓቱ ይማሰል። ጓንት ይደረግ፤ ዕቃው ጋዝ ስለሚያወጣ አይከደን፤ ከኮምጣጤም ሆነ ከበረኪና ጋር በፍጹም አይቀላቀል። ጡቡ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊወይብ ይችላል። መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ ሞዴል ይደከምለት እንጂ ልጅ ለሚጫወትበት ዕቃ ድካሙ አያዋጣም ባዮች ነን።

ወደ ጎደለው ሳጥን እንለፍ። ዛሬ የምናውቀው፣ በሆዱ ቱቦ ያለው ጡብ ዴንማርክ ውስጥ ለፓተንት የቀረበው ጥር 28 ቀን 1958 ነው። ያኔ የተመረተው ዛሬ ከተመረተው ጋር ይገጥማል። የጽሑፋችሁ ስሌት የሳተው ይህን ነው፦ የሚገዛው ዕቃ በሳጥኑ ላይ የተሳለችው የጠፈር መንኮራኩር አይደለችም፣ ከሌላ ከማንኛውም ሳጥን ጋር የሚሠራ ጡብ ነው። ስድስት ባለ 2 በ 4 ጡቦች ብቻ፣ ሁሉም አንድ ቀለም ሆነው፣ በ915,103,765 መንገድ ይገጣጠማሉ። ከ3,000 ቁራጭ ውስጥ 40 ቢጎድል ምን ቀረበት?

ያንኑ የፊልም መንኮራኩር ካልሠራሁ ለሚል ልጅም መላ አለ። ከሳጥኑ ቁጥር (በመመሪያው ሽፋን ላይ ይገኛል) ተነስቶ የአብዛኛውን ሞዴል መመሪያ ከኩባንያው ድረ ገጽ በነጻ ማውረድ ይቻላል። በቅርብ ዓመታት መመሪያዎች የመጨረሻ ገጾች ላይ የቁራጮች ሥዕል ከብዛታቸው ጋር አለ። በእሱ እየተመሩ የጎደለውን መዝግቦ መያዝ ነው። የቁራጩ መለያ ቁጥር በአብዛኛው ሆዱ ውስጥ በደቃቁ ተቀርጿል፦ ባለ 2 በ 4 ጡብ 3001፣ ባለ 2 በ 2 ደግሞ 3003፣ ባለ 1 በ 2 ስስ ንጣፍ 3023። ብሪክሊንክ የሚባለው ገበያ ላይ በዚህ ቁጥር አንዲት ቁራጭ ለይቶ መግዛት ይቻላል፤ ሪብሪከብል ላይ ደግሞ ያላችሁን የሳጥን ቁጥሮች ብታስገቡ ከነሱ ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ይዘረዝራል።

ከመግዛት በፊት ግን መተካት። ሦስት ስስ ንጣፍ ተደራርቦ የአንድ ጡብ ቁመት ነው። በሞዴሉ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ቁራጭ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን። ባለ 2 በ 8 ንጣፍ ከጠፋ ሁለት ባለ 2 በ 4 ይተኩታል፤ ግን ልክ ግንበኛ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንደማይጥለው፣ ከላይ ወይም ከታች ስፌቱን የሚሻገር ሌላ ንጣፍ ካልገባ ክንፉ ሲነሳ ከዚያው ላይ ይገነጠላል። የማይተካው የቴክኒክ (ማርሽና ዘንግ ያለው የሌጎ ዓይነት) ቁራጭ ነው። ጥቁሯ አጭር ማያያዣ ፒን በጎኗ ሸንተረር ስላላት ያዝ ታደርጋለች፤ ግራጫዋ ለስላሳ ስለሆነች በነጻ ትዞራለች። መዞር ባለበት ቦታ ጥቁሯን ያስገባ ሰው ማርሹ ለምን እንደከበደው ሳያውቅ ሞዴሉን ሁለት ጊዜ ያፈርሳል።

ያገለገለ ሲገዛ ሊታዩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ቀይ ቡናማና ጥቁር ቀይ ቁራጮች፣ በተለይ ቅንጥብ (ዘንግ የሚይዝ መቆንጠጫ) ያላቸው፣ በአንዳንድ ዓመታት ምርት ተሰባሪ ሆነው ነው የወጡት፤ ሲያስገቧቸው ሳይሆን ሲያላቅቋቸው ቀጭ ይላሉ። ግራጫው በ2004 አካባቢ ወደ ሰማያዊ ያደላ ሆኖ ስለተለወጠ አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል ግድግዳው ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ይህ እድፍ አይደለም፣ በማጠብም አይለቅም። ከ1978 ጀምሮ የምናውቃት ትንሿ የሌጎ ሰው ደረቷ በብብቷ በኩል ይሰነጠቃል፤ ብርሃን ላይ ይዞ ማየት ነው። የባትሪ ቤቱ ተከፍቶ ይታይ፤ ነጭ ዝቃጭ ካለበት በኮምጣጤ የረጠበ ጥጥ ያነሳዋል፣ ምንጩ ዝጎ ከተበላ ግን የሚድን አይደለም።

ሻጮች ብዙውን ጊዜ ትንንሾቹን የሌጎ ሰዎች ለይተው ለብቻ ይሸጣሉ፤ በፊልም ስም የመጣ ሳጥን ዋጋው ያለው እነሱ ላይ ነው። የስታር ዋርስ ሳጥኖች ከ1999፣ የኒንጃጎ (የሌጎ የራሱ ካርቱን) ከ2011 ጀምሮ የወጡ ናቸው፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ጡቡን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። ስለዚህ ሰዎቹ የወጡለት ከረጢት ለሰብሳቢ ባዶ ነው፣ ለሚሠራ ልጅ ግን ከሁሉም የረከሰው ግዢ እሱ ነው።

ኦሪጅናልና ፎርጅድ የሚለየው በጉብታው ነው። የኦሪጅናል ጡብ እያንዳንዱ ጉብታ ላይ ስሙ አለ፣ ትንሿ ክብ ቁራጭ ላይ ሳይቀር። እዚህ ላይ አንድ ማቃለያ ያስፈልጋል፤ ጽሑፋችሁ ሌላውን ሁሉ «ሕገ ወጥ» ብሎታል። የጡቡ ፓተንት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2010 የጡቡ ቅርጽ የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ በራሱ ስም የሚሸጥ ተገጣጣሚ ጡብ ወንጀል የለበትም። ወንጀሉ ሳጥኑን፣ መመሪያውንና የፊልሙን ሰዎች እንዳለ መገልበጡ ነው፤ ሌፒን በሚል ስም ይህን ይሠሩ የነበሩት በ2019 ቻይና ውስጥ ተይዘው በ2020 ዋናው ሰው ስድስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ተመሳሳይ ጡብ ከኦሪጅናል ጋር ቢቀላቀል አይከፋም፤ ልኩ በትንሽ ስለሚዛነፍ ግን ረጅም ግድግዳና የመሠረት ረድፍ ላይ አይግባ፤ ልዩነቱ እየተደመረ ጫፍ ላይ አልገጥም ይላል። በመርካቶ በፌስታል ለሚሸጠው ፈተናው ቀላል ነው፦ አሥር ጡብ ደራርቦ ከላይኛው ይዞ ማንጠልጠል። ከወደቀ አይግዙት።

ዕድሜን በተመለከተ ጽሑፋችሁ ትክክል ነው፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንሹ ጡብ አይሰጥም። ለእሱ በርዝመት፣ በወርድና በቁመት እጥፍ የሆነው ዱፕሎ አለ። ልጁ ሲያድግም አይጣል፤ ባለ 2 በ 4 ትንሹ ጡብ በዱፕሎ ጉብታ ላይ ስለሚገጥም ለትልቅ ተራራ ወይም ለግንብ ሆድ መሙያ ይሆናል።

የተጣበቁ ንጣፎችን በጥርስ ማላቀቅ ጡቡንም ጥርሱንም ይጎዳል። ብርቱካናማዋ ማላቀቂያ ከሌለች ከላይኛው ንጣፍ ላይ አንድ ረዘም ያለ ጡብ፣ ከታችኛው ሥር ሌላ ገጥሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ማዘንበል ነው። አቀማመጡንም ብዙ ሰው በቀለም ይለየዋል፤ በቅርጽ ይሁን። ከቀይ ክምር ውስጥ ትንሽ ቀይ ቅንጥብ መፈለግ ዓይን ያፈዛል፤ ከቅንጥቦች መካከል ቀዩን ማንሳት ግን ቅጽበት ነው። የእንቁላል ትሪ ለደቃቆቹ ይመቻል። ከመጫወቻው ሥር አንሶላ ከተነጠፈ፣ ሲያበቃ አራቱን ጫፍ ይዞ ማንሳት ብቻ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ለሚመጣ ዘመድ አዲስ ሳጥን አምጣልን የምትሉ አንባቢዎች፣ ሳጥኑ ግማሽ በግማሽ አየር መሆኑን አትርሱ። 23 ኪሎ በሚፈቀድበት ሻንጣ ቀድሞ የሚያልቀው ኪሎው ሳይሆን ቦታው ነው። አንድ ባለ 2 በ 4 ጡብ 2.3 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ከ430 ጡብ ይበልጣል፣ ስሶቹና ደቃቆቹ ሲቀላቀሉበት ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ይጨምራል። አሜሪካ ያገለገለው በፓውንድ ተመዝኖ ይሸጣል። ዘመዳችሁን የጉብታውን ቅርብ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁት፤ ሲጋራ የሚጨስበት ቤት የቆየ እንዳይሆን ያሽትተው፤ በከፊል የተገጣጠመውን አፍርሶ ጠንካራ ከረጢት ውስጥ ይክተተው፤ የሳጥን ቁጥሮች ካሉም በወረቀት ጽፎ እዚያው ውስጥ ይጨምር።

መገጣጠሚያ ወዳድ አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ