ያንድ ጠርሙስ ቅመማ ለሰውም ለድመትም አይሆንም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የቤት ገጽ ላይ ትንኝና ቁንጫ የሚያባርር ቅመማ አውጥታችኋል። ነጭ ሽንኩርት፣ የባሕር ዛፍ ዘይት፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ጠብታ ነጭ ጋዝ። ሁሉም ባንድ ጠርሙስ ተበጥብጦ «ለመላው ቤተሰብ፣ ለውሻና ለድመት ጭምር» ይላል። አቦ፣ ይሄ ነገር ድመት ይገድላል!

እኔ ድሬዳዋ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። እቤት የሚሠራ መድኃኒት አልንቅም። ኒም የሚባለው ዛፍ በየግቢው በበቀለበት ከተማ እየኖርኩ እንዴት እንቃለሁ? ደግሞም ያስፈልገናል። አጎበር ለሌሊት ነው፤ ደንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ ግን በቀን ነው የምትነክሰው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማችንን አልጋ ላይ አውለዋታል። በ2022 ደግሞ ወባ በደረቁ ወራት ተነሣብን። ያመጣችው በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ ናት። እነዚህ ትንኞች ረግረግ ፍለጋ አይሄዱም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ የምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ማንኛውንም ቅባት ከመቀመም በፊት በርሜሉን በደንብ መክደን ይቅደም።

ወደ ድመቷ ልመለስ። ድመት ራሷን ስትልስ ነው የምትውለው። ጸጉሯን የነካ ሁሉ ሆዷ ይገባል። ጉበቷ ደግሞ እንደ እኛ ጉበት እነዚህን የተክል ዘይቶች ሰባብሮ ማስወገድ አይችልበትም፤ አፈጣጠሯ ነው። ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ የምትንቀጠቀጥ፣ እግሯ አልታዘዝ ያላት ድመት በካርቶን ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። «ምን ቀባችኋት?» ስል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «እኛ የምንቀባውን»። ነጭ ሽንኩርት የድመትንም የውሻንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲልሱት ደግሞ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ለውሻ ተብሎ የሚሸጠው ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ያለበት የቁንጫ መድኃኒትም ለድመት መርዝ ነው። ከተክል የመጣ አይጎዳም የሚለውን እርሱት፤ እንዶድም ተክል ነው።

ለሰው ከሆነ እኔ የምሠራውን ልንገራችሁ። ቢጫ ሆኖ የረገፈ የኒም ፍሬ እለቅማለሁ። ልጣጩን አጥቤ አስለቅቄ ዘሩን ጥላ ላይ አደርቃለሁ። ሻጋታ ያየሁበትን እጥላለሁ። ቅርፊቱን ሰብሬ ውስጡን በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረግኩ ማሸት፣ መጭመቅ ነው። ከብዙ ዘር የሚወጣው ዘይት ትንሽ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሽታውም ያስጠላል፣ አልዋሽም። ልጄ «እማዬ፣ ትንኙ ብቻ ሳይሆን እንግዳውም ሸሸ» ትለኛለች። በአንድ የቡና ሲኒ የሰሊጥ ዘይት ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ማብዛት ቆዳ ያስቆጣል። መጀመሪያ የክንድ ውስጠኛው በኩል ትንሽ ቀብቶ እስከ ማግሥቱ ማየት ነው። ዓይንና ቁስል አይነካም። ሕፃን አይቀባም፣ ነፍሰ ጡርም ትተወው። በአፍ ፈጽሞ አይወሰድም፤ የኒም ዘይት የተሰጣቸው ሕፃናት ለሞት የበቁበት ጊዜ አለ። በድሬ ላብ ደግሞ ቶሎ ስለሚለቅ ደጋግሞ መቀባት ያስፈልጋል። አጎበሩንም አይተካም።

ለውሻ ዘይት አላዝም። በሳሙና ካጠብኩት በኋላ የኒም ቅጠል አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ዋናው ሥራ ግን ውሻው ላይ አይደለም። የቁንጫ እንቁላልና ዕጭ ያለው መኝታው ውስጥ ነው። ጨርቁን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ወለሉን ጥግ ጥጉን መጥረግ። መዥገር ከሆነ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ጋዝ ማፍሰስ፣ ክብሪት መለኮስ የለም።

ለድመት ሚዶ ብቻ። ጥርሱ ጠበብ ያለ ሚዶ፣ አጠገቡ የሳሙና ውሃ በሳህን። የተያዘው ቁንጫ እዚያው ይሰምጣል።

ቅመማችሁን አምኖ ድመቱን የቀባ ካለ አሁኑኑ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይጠባት፣ እንዳትልስ በፎጣ ይጠቅልላት፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዳት። በግድ ማስታወክ የሚባለውን ይተው።

እናንተም ማረሚያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። ቅመማውን ከጋዜጣው ቆርጣ ፍሪጅ ላይ የለጠፈች ሰው አውቃለሁ። ጎረቤቴ ናት፣ ሁለት ድመት አላት።

ከሰላምታ ጋር
ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ድሬዳዋ