ሴቡ በ1565 አልተቆረቆረችም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ፊሊፒንሷ ሴቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1565 ሌጋዝፒ ቆረቆራት ይላል። ይህ መታረም አለበት።

ስፔናዊው ሌጋዝፒ የደረሰው ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም። ከእሱ 44 ዓመት ቀድሞ፣ በ1521፣ በስፔን ስም የሚጓዘው መርከበኛ ማጄላን ሲመጣ ቦታው ሱግቡ የሚባል ወደብ ነበር። ገዥው ራጃ ሁማቦን ይባላል። የጉዞው ጸሐፊ ፒጋፌታ እንደመዘገበው፣ ሁማቦን ከእንግዶቹ የወደብ ግብር ጠይቋል። ከአራት ቀን በፊት ከሲያም (ከዛሬዋ ታይላንድ) የመጣ መርከብም እንደከፈለ ነግሯቸዋል። ቀረጥ የሚያስከፍል ወደብ እንዴት ገና አልተቆረቆረም ይባላል?

ጽሑፉ በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውንም ዘሎታል። ማጄላን ሚያዝያ 27 ቀን 1521 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ከፊት ለፊቷ ማክታን ደሴት ላይ በአካባቢው አለቃ በላፑላፑ ሰዎች ተገደለ። ጓዶቹም ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። ለሁማቦን ሚስት የተሰጠው የሕፃኑ ኢየሱስ ትንሽ ምስል ግን እዚያው ቀረ። በ1565 ከተማው ሲቃጠል አንድ የሌጋዝፒ ወታደር ከአንድ ቤት ውስጥ፣ ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ አገኘው። 44 ዓመት ሙሉ ያስቀመጠው ሰው ነበረ ማለት ነው። የስፔን ዜና መዋዕል ራሱ ይህን ይመሰክራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም “ተቆረቆረች” የሚለው “የስፔን ሰፈራ ተጀመረባት” ተብሎ ይታረም። ከጽሑፉ ጋር የወጣው የዘመን ሰንጠረዥም ከሱግቡ ይጀምር።

ከአንባቢያችሁ አንዱ