የሕዝብ ብዛት ሰበብ አይሁን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

«መንግሥት ለሁሉም ዜጋ የጤናና ሌላ ማኅበራዊ ዋስትና የሚሰጥበት የስዊድን ዓይነት ሥርዓት ለትንሽ አገር እንጂ ለትልቅ አይሆንም» ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። እርግጥ ስዊድን ያላት ሕዝብ 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጀርመን ግን ከ80 ሚሊዮን በላይ አላት። የጤና መድኅን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው (ያውም ሶሻሊስቶችን ባገደው በመንግሥት መሪዋ በቢስማርክ ዘመን!)።

ሀብታም ስለሆነች ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ብራዚልስ? ሕዝቧ ከ200 ሚሊዮን ይበልጣል። የ1988ቱ ሕገ መንግሥቷ ጤናን የሁሉም ሰው መብት አድርጎታል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት ሕክምናው ነፃ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ አልክድም። ግብሩም ድሃው ላይ ይከብዳል፤ ትልቁ ድርሻ የሚሰበሰበው ሰው ከሚሸምተው ዕቃና አገልግሎት ላይ ነዋ! ለእኔ ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። ከሕዝቡ ብዛት ይልቅ ማን ስንት ግብር ይከፍላል የሚለው ላይ ብንከራከር ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ